ባሉኑ ከመነፋቱ በፊት የበሽታው ስም ይታወቅ

ባለፈው ክረምት እኛ ሰፈር፣ ጅማ ሄርማታ፣ ለእህቴ ልጅ ብር ስናሰባስብ ባነሩ ላይ ያስጻፍነው «የልብ ቀዳዳ ላለባት ሕፃን እንድረስላት» የሚል ነበር። ልጅቷ ያኔ ሁለት ዓመት ካምስት ወር ነበረች። እድሩ ሰጠ፣ የባጃጅ ልጆች የአንድ ቀን ገቢያቸውን ሰጡ፣ ስማችን እንዳይጠራ ብለው የሰጡ ቡና ነጋዴዎችም አሉ፣ አንድ ጎረምሳ ደግሞ ቲክቶክ ላይ ሦስት ማታ ላይቭ ገብቶ ለመነልን፣ ሁሉንም እግዚአብሔር ይስጥልን አላህ ይስጥልን እላለሁ። ግን ልጅቷ የልብ ቀዳዳ የለባትም። አንድም ቀዳዳ የለም።

ወረቀቱ ላይ የነበረው በእንግሊዝኛ ነው፣ ረጅም ነው፣ መሃሉ ላይ ሳንባ የሚል አለ፣ ደም ቧንቧ የሚል አለ፣ እኛ ግን «የልብ ሐኪም ጋ ተላከች» የምትለውን ብቻ ይዘን ወጣን። እኛ ሀገር ልጅ ልቡን አመመው ሲባል ሰው የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፣ ወይ ሲወለድ የነበረ ቀዳዳ ወይ ከቶንሲል የሚመጣው የቫልቭ (የልብ በር) በሽታ። ሦስተኛ ነገር አለ ብሎ የሚያስብ የለም። የሷ ችግር ደግሞ ከልብ ወጥቶ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ወሳጅ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲበታተን ቅርንጫፎቹ ላይ መጥበቡ ነው፣ እሱም ቢሆን ዋናው በሽታ አይደለም፣ በዘር የሚመጣ የሌላ ትልቅ በሽታ አንዱ ምልክት ነው።

አሁን ስልኩን የከፈተ ሰው በቀን ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ጥሪ ያያል። «ቧንቧዋ በባሉን ይከፈታል ተብሏል፣ ውጭ መውጣት አለባት፣ ይሄን ያህል ሚሊዮን ያስፈልጋል»። ሰው ደግሞ አዛኝ ነው ይሰጣል። እኔ ከአንድ ዓመት በላይ ከሐኪም ሐኪም ተከትዬ ስሄድና ስጠይቅ ሳነብ ከርሜ የገባኝን ነው የምጽፈው፣ እሱም ምንድነው፣ ጠባብ የሳንባ ቧንቧን በካቴተር፣ ማለትም በደም ሥር ገብቶ ጫፉ ላይ ባሉን በሚነፋ ቀጭን ቱቦ፣ መክፈት ሕይወት የሚያተርፍ ሕክምና ነው፣ ግን ቧንቧው ለምን ጠበበ የሚለው ሳይታወቅ ወደ ባሉኑ መሮጥ ልጅን ሊጎዳ ይችላል፣ ምክንያቱም ፎቶው ላይ አንድ ዓይነት የሚመስል መጥበብ በአንዱ በሽታ ሲጠብቁት በራሱ ይሰፋል፣ በሌላው ቁጭ ብለው ቢጠብቁት ለመስፋቱ ዋስትና የለም።

ነገሩን ከመሠረቱ ልያዘው። ልብ ሁለት ፓምፕ ናት፣ ግራው ለመላ ሰውነት ይረጫል፣ ቀኙ ደግሞ የተጠቀምንበትን ደም ኦክስጅን እንዲጭን ወደ ሳንባ ይልካል። የቀኙ ሥራ ቀለል ያለ ነው፣ ሳንባ ቅርብ ነው ቧንቧዎቹም ሰፊና ለስላሳ ናቸው፣ ስለዚ ጤነኛ ሰው ላይ ቀኝ ልብ የሚገፋበት ከፍተኛው ግፊት 25 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው፣ ክንዳችን ላይ ሲለካ 120 ከሚባለው ጋር አስተያዩት። ለቀላል ሥራ የተሠራ ስለሆነም ግድግዳው ስስ ነው። ከዛ የሚወጣው ደም ወሳጅ ለግራና ለቀኝ ሳንባ ሁለት ይሆናል፣ ከዛ እንደ ቡና ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ቅርንጫፉ ደግሞ ሌላ ቅርንጫፍ።

ቧንቧ በግማሽ ሲጠብ የሚያልፈውም በግማሽ የሚቀንስ ይመስለናል አይደል፣ እኔም እንደዛ ነበር የመሰለኝ። አይደለም። የቧንቧው ወርድ በግማሽ ሲቀንስ ለሚያልፈው ደም የሚሆነው እንቅፋት 16 እጥፍ ነው የሚጨምረው። ሁለት እጥፍ አይደለም፣ 16። ይሄ የፊዚክስ ሕግ ነው፣ ጓሮ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ጎማውን በጣቱ ሲጨብጠው የሚያየው ነው። የሚያስፈራውን ያህል ተስፋም አለው፣ ምክንያቱም በተቃራኒውም ይሠራል፣ 2 ሚሊሜትር የነበረን ቧንቧ 3 ሚሊሜትር ብቻ ማድረግ ከቻልክ እንቅፋቱ 5 እጥፍ ይቀንሳል። አንዲት ሚሊሜትር ናት። ሐኪሞቹ ለአንዲት ሚሊሜትር ሰዓታት የሚታገሉት ለዚ ነው።

አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ቢጠብ ደሙ በሌላው ይዞራል ብዙም ላይታወቅ ይችላል። ብዙዎቹ ከጠበቡ ግን ቀኝ ልብ በ25 ፈንታ በ50፣ በ70፣ አንዳንዴ ከግራው ልብ እኩል መግፋት ይጀምራል፣ ስሱ ግድግዳ ይወፍራል፣ ዓመታት ይችላል፣ ከዛ ይደክማል። የሚያሳዝነው ልጁ ለረጅም ጊዜ ምንም ላይል ይችላል። ይሮጣል፣ ይበላል፣ ትንሽ ቶሎ ይደክመዋል፣ «ሰነፍ ነው» ይባላል። ድካሙ ገኖ፣ እግር አብጦ፣ ከንፈር ጠቁሮ ወይ ሮጦ ሲወድቅ ከታየ ልቡ ቀድሞ ብዙ ተሸክሟል ማለት ነው።

ይሄ መጥበብ ከምን ይመጣል ለሚለው መልሱ አንድ አይደለም። አዲስ የተወለደ ሕፃን ላይ ቅርንጫፎቹ ገና ትንንሽ ስለሆኑ የሚሰማ ድምፅ አለ፣ በስድስት ወር ውስጥ ይጠፋል፣ እሱ በሽታም አይባል። እናት በእርግዝና ሩቤላ (የጀርመን ኩፍኝ የሚባለው) ይዟት ከነበረም ልጁ ላይ ሊመጣ ይችላል። በዘር ከሚመጡት ውስጥ ግን ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳው ሁለት ናቸው፣ አላጂልና ዊሊያምስ። የእህቴ ልጅ አላጂል ናት።

አላጂል የሚባለው ፈረንሳዊው የጉበት ሐኪም ዳንኤል አላጂል እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1975 ስለጻፈበት ነው። በ1997 ጂኑ ተገኘ፣ 20ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ ጃግ1 የሚባል ጂን ነው፣ በ2006 ደግሞ ኖች2 የሚባል ሁለተኛ ጂን ተጨመረ፣ ግን ከታማሚዎቹ ከ10 ዘጠኙ በላይ ያለባቸው የመጀመሪያው ነው። ይሄ ጂን ልጅ በማህፀን ሲሠራ ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ነው፣ የሐሞት ቱቦና የደም ቧንቧ ቅርጽ የሚይዙት በሱ ነው፣ ስለዚ ሲበላሽ ጉበት ውስጥ ያሉት ትንንሽ የሐሞት ቱቦዎች ያንሳሉ፣ ሐሞት መውጫ ያጣል፣ ዓይን ይቢጫል፣ ሰውነት ያሳክካል፣ እዛው ደግሞ የሳንባ ቧንቧዎች ይጠባሉ። ሲገመት ከ30,000 ልጅ አንዱ ይዞት ይወለዳል። እኛ ሀገር በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃን ይወለዳል፣ ስሌቱ እኛም ጋ ከሠራ በየዓመቱ 100 ገደማ አዲስ ልጅ ማለት ነው። የት ናቸው? እኔ ሳስበው ብዙዎቹ «የወፍ በሽታ» የሚል ስም ይዘው ነው ያሉት።

የእህቴም ልጅ እንደዛ ነበረች። በተወለደች በሳምንቷ ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ እማዬ የወፍ በሽታ ነው ፀሐይ አሙቋት አለች፣ አንድ ክሊኒክም ያንኑ አለ፣ አሞቅናት። ወር አለፈ ሁለት ወር አለፈ አልሄደም። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ የሕፃን ቢጫነት ፀሐይ የሚሞቅበት ነገር አይደለም፣ በደም ምርመራ ቢሊሩቢኑ (ዓይን የሚያቢጨው ነገር) በየዓይነቱ ተከፍሎ መታየት አለበት፣ ሰገራው ነጭ ከሆነ ደግሞ ያውም በጥድፊያ፣ ምክንያቱም ከጉበት ውጭ ያለው የሐሞት ቱቦ የተዘጋበት ሌላ በሽታ አለ እሱ በሁለት ወር ውስጥ ኦፕራሲዮን ይፈልጋል። እዚ ላይም ስም ወሳኝ ነው፣ ያ ኦፕራሲዮን ለአላጂል ልጅ በስህተት ከተሠራ ጉበቷን ያባብሰዋል እንጂ አይጠቅማትም።

ዊሊያምስ ሌላ ታሪክ ነው። በ1961 ኒውዚላንዳዊው ዊሊያምስ፣ በ1962 ጀርመናዊው ቦይረን ነው የገለጹት። 7ኛው ክሮሞዞም ላይ ከ26 እስከ 28 ጂን የያዘች ቁራጭ ትጎድላለች፣ ከነሱ ውስጥ አንዱ ኢላስቲን የሚባለውን የሚሠራው ነው፣ ኢላስቲን ማለት የደም ቧንቧን እንደ ላስቲክ እንዲለጠጥና እንዲመለስ የሚያደርገው ነው። እሱ ሲያንስ የቧንቧው ግድግዳ ይወፍራል ይደርቃል፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የአኦርታ ቧንቧ ከቫልቩ ከፍ ብሎ ይጠባል፣ የሳንባዎቹም ይጠባሉ። ልጆቹ ሰው ይወዳሉ፣ የማያውቁትን ሰው ሮጠው ያቅፋሉ፣ ሙዚቃ ሲሰሙ ሌላ ሰው ይሆናሉ፣ ትምህርት ግን ይከብዳቸዋል። ከአላጂል ይልቅ ብዙ ነው፣ ከ7,500 እስከ 10,000 ልጅ ውስጥ አንድ ይባላል።

እንግዲህ እነዚህን ሁለት ልጆች ጎን ለጎን አስቀምጡና ሲቲ ስካን አንሷቸው፣ ሁለቱም ጋ ሳንባ ውስጥ ጠባብ ቧንቧ ይታያል። የዊሊያምሱ ልጅ ላይ ግን የሳንባው መጥበብ፣ በተለይ ቀለል ያለውና መካከለኛው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በራሱ እየሰፋ የመሄድ ልማድ አለው፣ የሚከፋው የአኦርታው ነው። ስለዚ ለሱ «እንጠብቅ» ማለት ቸልተኝነት አይደለም፣ ሕክምና ነው። የአላጂሏ ልጅ ላይ በዚህ መቁጠር አይቻልም፣ አንዳንዱ ባለበት ይቆያል አንዳንዱ ይከፋል፣ በየጊዜው መለካት ግድ ነው። ማደንዘዣውም ይለያል። ዊሊያምስ ያለባቸው ልጆች የልብ ራሷ መጋቢ ቧንቧ ሊጠብባቸው ስለሚችል ድንገተኛ ሞት ከሌላው ልጅ ከ25 እስከ 100 እጥፍ እንደሚበልጥ ተጽፏል፣ አደገኛው ሰዓት ደግሞ ሲደነዘዙ ነው፣ ለትንሽ ነገር ተብሎ ማስተኛት ራሱ የሚታሰብበት ነው። አላጂል ያለባት ልጅ ጋ የሚፈራው ደም መፍሰስ ነው፣ ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ቫይታሚን ኬ አይመጠጥም፣ ደም በቀላሉ አይረጋም፣ የጭንቅላት ቧንቧዎችም ሊሳሱ ይችላሉ። ከገባችሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ ቫይታሚን ዲ። አላጂሏ ልጅ ኤ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኬ የሚባሉትን ቫይታሚኖች በሐኪም ልክ መውሰድ አለባት አለበለዚያ አጥንቷ ይሰበራል፣ የዊሊያምሱ ልጅ ደግሞ ደሙ ውስጥ ካልሲየም ስለሚበዛ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቫይታሚን ዲ አይሰጠውም። አንዱን ያዳነ ሽሮፕ ሌላውን ይጎዳል። ፎቶው ግን አንድ ነው።

አሁን ወደ ካቴተሩ። ነገሩ የጀመረው በአንድ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ነው፣ ቨርነር ፎርስማን ይባላል፣ በ1929 የራሱ ክንድ ላይ ቀዶ ቀጭን ቱቦ በደም ሥሩ እስከ ልቡ አስገባና ራጅ ክፍል ሄዶ ራሱን አስነሳ። ያኔ ተወቀሰበት፣ በ1956 ኖቤል አገኘበት። በ1977 አንድሬያስ ግሩንትሲግ ዙሪክ ላይ የልብን ጠባብ ቧንቧ በባሉን ከፈተ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ጄምስ ሎክና ባልደረቦቹ ያንኑ ለሕፃናት የሳንባ ቅርንጫፎች አመጡት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ትደነዝዛለች፣ ብሽሽቷ ላይ ካለው ደም መልስ ትንሽ ቀዳዳ ይበጃል፣ ቀጭን ሽቦና ቱቦ በሆድ ውስጥ ባለው ትልቅ ደም መልስ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀኝ ልብ ይገባል፣ ቫልቮቹን ያልፋል፣ ሳንባ ቧንቧ ይደርሳል፣ ይሄ ሁሉ በራጅ ስክሪን እየታየ። ደረት አይከፈትም። መጀመሪያ የሚሠራው ባሉን አይደለም፣ ልኬት ነው። በያንዳንዱ ክፍል ግፊቱ ይለካል፣ ቀለም ይረጫል፣ የቅርንጫፉ ካርታ ይነሳል። ለብቻው ይሄ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ኢኮ (ልብን በድምፅ ሞገድ የሚያየው ምርመራ) ጥሩ ቢሆንም ሳንባ አየር ስለሆነ የድምፅ ሞገዱ አያልፍም፣ ግንዱን ያያል ሩቅ ቅርንጫፉን አያይም፣ ግፊቱንም ይገምታል እንጂ በቀጥታ አይለካም። ከዛ ከወሰኑ ባሉኑ ጠባቡ ቦታ ላይ ይደረጋል፣ ሲነፋ ከጠባቡ ቦታ ሦስት አራት እጥፍ የሚሆን ተመርጦ ነው። ነፋስ አይደለም የሚገባበት፣ በጨዋማ ውሃ የቀጠነ ቀለም ነው፣ ቢፈነዳ እንኳ አየር ደም ውስጥ እንዳይገባ። የመኪና ጎማ የሚይዘው ግፊት 2 አትሞስፌር ገደማ ነው፣ ጠንካራዎቹ ባሉኖች 15፣ 20 ድረስ ይነፋሉ።

እዚ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ባሉን ቧንቧን የሚያሰፋው ለጥጦ አይደለም፣ ቀዶ ነው። የውስጠኛውና የመካከለኛው ሽፋን በልክ ይቀደዳል፣ ከዛ በሰፋበት ይድናል። ካልተቀደደ ባሉኑ ሲወጣ ተመልሶ ይጠባል፣ ከልክ በላይ ከተቀደደ ይደማል ወይም ኪስ ሠርቶ ያብጣል። በነዚህ ሁለት በሽታዎች ደግሞ ግድግዳው ራሱ ትክክለኛ አይደለም፣ ጥበቱም አንድ ነጥብ ላይ ሳይሆን ረጅም ነው ብዙ ቦታ ነው። ስለዚ የሚሳካው ሁሌ አይደለም። ዊሊያምስ ላይ በተደረገ አንድ የታወቀ ሥራ ከተነፉት ቦታዎች የሰፉት ግማሽ ያህሉ ነበሩ፣ ከልጆቹም የሞቱ ነበሩበት። ይሄን ስጽፍ ሰው ለማስፈራራት አይደለም፣ «ባሉን ነው በቃ ትድናለች» ተብሎ ቤት የሚሸጥ ወላጅ ስላለ ነው።

እምቢ ላለው ቧንቧ ሦስት አራት ትንንሽ ምላጭ ያለበት ባሉን አለ፣ መጀመሪያ ይጭረዋል ከዛ በትልቅ ባሉን ይነፋል፣ ለጠነከሩት እሱ ይሻላል። ስቴንትም አለ፣ ማለትም ተከፍቶ የሚቀር የብረት መረብ። አዋቂ ላይ ጥሩ ነው፣ ሕፃን ላይ ግን አስቡት፣ ልጅቷ ታድጋለች ብረቱ አያድግም። ትልቅ መጠን ድረስ በኋላ የሚነፋ ስቴንት ካልሆነ ሲያድጉ ራሱ ጥበት ይሆናል፣ ሩቅ ቅርንጫፍ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ የጎን ቅርንጫፎችን አፍ ይዘጋል፣ ኋላ ቀዶ ጥገና ቢያስፈልግ ሐኪሙን ያስቸግራል። ስቴንት ገባላት ሲባል አለቀ ማለት ሳይሆን ተመላልሶ የሚነፋ ነገር ተጀመረ ማለት ነው።

ከባሉኑ በኋላ ያለችው ሌሊት ደግሞ አለች። ለዓመታት ደም ሲንጠባጠብለት የኖረ የሳንባ ክፍል ድንገት ደም ሲጎርፍበት ውሃ ይቋጥራል፣ ልጁ ያስላል፣ ኦክስጅኑ ይወርዳል፣ ማሽን ላይ ሊገባ ይችላል። ስለዚ ባሉን የሚነፋበት ቦታ የሕፃናት አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል)፣ የሕፃን ማደንዘዣ የሚያውቅ ሰው፣ ቧንቧ ከተቀደደ ደረት መክፈት የሚችል ቀዶ ሐኪም ያስፈልገዋል። የካት ላብ፣ ማለትም ካቴተር የሚሠራበት ክፍል፣ ማሽኑ ብቻውን አይበቃም። «እዚህም ይሠራል» ሲባል መጠየቅ ያለበት ማሽን አለ ወይ ሳይሆን ሌሊቱን ማን ያድራል ነው።

ቀዶ ጥገናም ራሱ ከምርጫው አልወጣም፣ ባለፉት ዓመታት ስታንፎርድ ላይ ፍራንክ ሃንሊ የሚባል ሐኪም ቡድን የአላጂልና የዊሊያምስ ልጆችን የሳንባ ቅርንጫፍ አንድ በአንድ ከፍቶ በመጣፍ ጥሩ ውጤት አሳይቷል፣ ግን ሰዓታት የሚፈጅ ነው፣ በጣም ጥቂት ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ ለኛ ለጊዜው ሩቅ ነው።

ታዲያ ባሉን መቼ ነው? ሐኪሞቹ የሚያዩት የቀኝ ልብ ግፊት ከግራው ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው የሚለውን ነው። የሕፃኗ የክንድ ግፊት 90 ከሆነ የቀኝ ልቧ 30 ቢሆን ማንም አይቸኩልም። ከግማሹ ሲያልፍ፣ 45፣ 50 ሲል ማሰብ ይጀምራል፣ ሁለት ሦስተኛ ላይ ሲደርስ ወይም ድካም ሲታይ ጣልቃ መግባት ይመጣል። አላጂል ላይ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፣ ጉበቷ ኋላ ንቅለ ተከላ ከፈለገ ቀኝ ልቧ በከፍተኛ ግፊት እየሠራ ከሆነ ያን ትልቅ ኦፕራሲዮን መሸከም ይከብዳታል፣ ስለዚ ባሉኑ ለሳንባው ብቻ ሳይሆን ለጉበቱም መንገድ ጠራጊ ይሆናል። ብዙ ሀገራትን ባጠቃለለ ትልቅ ጥናት አላጂል ካለባቸው ልጆች 18 ዓመት ሲሞላቸው የራሳቸው ጉበት ይዘው የነበሩት 40 ከመቶ ገደማ ናቸው፣ ስለዚ የልብ ሐኪምና የጉበት ሐኪም ካልተነጋገሩ ልጅ መሃል ላይ ትወድቃለች።

እንግዲህ ስሙን ጅማ ላይ ሆኖ እንዴት ማወቅ ይቻላል? ይሄ ነው ከሁሉም በላይ ተስፋ የሰጠኝ። ጂን የሚያነብ ላብራቶሪ ቅርብ ባይሆንም አላጂል ለመጠርጠር ጂን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ተራ የጀርባ ራጅ ነው፣ ከአከርካሪ አጥንቶቹ አንዳንዶቹ መሃላቸው ተከፍሎ ቢራቢሮ ይመስላሉ። የዓይን ሐኪም በማይክሮስኮፑ ብሌኗ ጠርዝ ላይ ነጭ ቀለበት ያያል፣ እሱ ለብቻው ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል፣ ከሌላው ጋር ሲደመር ግን ትርጉም አለው። ፊቷ፣ ሰፊ ግንባር፣ ገባ ያለ ዓይን፣ ሾጠጥ ያለ አገጭ። ከዛ ቢጫነቱ፣ ማሳከኩ። እና ድምፁ። የሳንባ ቅርንጫፍ ሲጠብ የሚሰማው ድምፅ ደረት ላይ ብቻ አይደለም፣ ብብት ሥርና ጀርባ ላይ በሁለቱም ጎን ይሰማል። የእህቴን ልጅ ያገኛት ይሄ ነው፣ አንድ ወጣት ሐኪም ለሳል ሄደን ማዳመጫውን ከጀርባዋ ሳያነሳ ቆየ፣ ዞሮ ብብቷን አዳመጠ፣ ከዛ ዓይኗን አየ፣ ልብሷን ገልጦ የቧጨረችውን አየና «እናትየው፣ ይቺ ልጅ ሁሌ ታሳክካለች?» አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልና ማሳከክ ቢጫነትም ለየብቻ ሲታዩ ኖረው በዛች አስር ደቂቃ ተገጣጠሙ። ራጁም ዓይኗም እዚሁ ጅማ ታየ፣ ኢኮም ተሠራ፣ ለተቀረው አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈ። ለዊሊያምስም የካልሲየም ምርመራ፣ የሁለት እጅ የደም ግፊት መለካትና ኢኮ ብዙ ይናገራሉ፣ ማረጋገጫው የክሮሞዞም ምርመራ ቢሆንም።

ስለ ዘር ሲነሳ ዝም የማልለው ነገር አለ። «በዘር ነው» ሲባል ቤታችን ውስጥ ጣት የተቀሰረው እህቴ ላይ ነው፣ የባሏ ዘመዶች ከእናትየው ወገን ነው አሉ፣ ሁለት ወር አልተነጋገሩም። አላጂል ከእናትም ከአባትም እኩል ሊተላለፍ ይችላል፣ የያዘው ወላጅ ለያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ ነው፣ ግን ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ ላይ ጂኑ የተበላሸው ልጁ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፣ እናትም አባትም ላይ የለም። ዊሊያምስ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሌ እንደዛ ነው። ቡና ስለጠጣች አይደለም፣ ስለደነገጠች አይደለም፣ የማንም እርግማን አይደለም። በሌላ በኩል ወላጅ ራሱ በጣም ቀለል ባለ መልኩ ይዞት ሳያውቅ ሊኖር ስለሚችል ሌላ ልጅ ከመውለድ በፊት ሁለቱም መታየታቸው ጥሩ ነው፣ ሁለቱም ማለቴ ነው፣ እናትየው ብቻ አይደለም።

ወደ ብሩ ልመለስ። ሀገራችን ውስጥ የሕፃናት ልብ ሕክምና ከምንም ተነስቶ ነው እዚህ የደረሰው፣ ዶ/ር በላይ አበጋዝ የጀመሩት ጥረት ነው ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ማዕከል ሆኖ በ2009 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው፣ ተራ የሚጠብቁት ሕፃናት ግን በሺዎች ናቸው፣ አብዛኛው ደግሞ ቀዳዳና ቫልቭ ነው፣ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ አንዴ ከተሠራ የሚድን። እንደኛዋ ያለች ልጅ አንዴ ተሠርታ የምትሰናበት አይደለችም፣ ዕድሜ ልክ የሚከታተላት ትፈልጋለች። ስለዚ የእርዳታ ጥሪ ላይ «ለአንድ ኦፕራሲዮን» ተብሎ ሲጻፍ እውነቱ ተደብቋል። እኛ ብሩ የሄደበትን አሁን ሳየው ከባሉን ይልቅ ትራንስፖርት ነው፣ ጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጊቤ በረሃን ከታመመ ልጅ ጋር መሻገር፣ አልጋ፣ ሲቲ ስካን፣ ቫይታሚኖቹ፣ የማሳከኩ መድኃኒት። ለአላጂል ማሳከክ ተብሎ በ2021 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ ማራሊክሲባት የሚባል አዲስ መድኃኒት አለ፣ ዋጋው የኛን ባነር መቶ ጊዜ ቢሰቀል አይሞላውም፣ በነባሮቹ ነው የምትታገለው።

ለዚ ነው ኮሚቴ የምትሆኑ ሰዎች ባነር ከማስጻፋችሁ በፊት ሐኪሙን የበሽታው ስም ምንድነው፣ የቀኝ ልብ ግፊቱ ከግራው አንጻር ስንት ነው፣ ብንጠብቅ ምን ይሆናል፣ ባሉኑ ቢሳካ ስንት ጊዜ ይደገማል ብላችሁ እንድትጠይቁ የምለምነው። ሐኪም በዚህ አይቆጣም። መልሱን በአማርኛ ወይ በኦሮምኛ አጽፉት። ደግሞ የሰጠ ሰው ምን እንደሰጠ የማወቅ መብት አለው፣ እኛ ባነሩን አውርደን በትክክለኛው ስም ሌላ ስናሰቅል ሰው ይሸሸናል ብለን ፈርተን ነበር፣ የሸሸን የለም፣ እንዲያውም አንዲት ሴት የሷም ልጅ ዓይኑ እንደዚሁ ቢጫ እንደሆነ ልትነግረን ከአጋሮ መጣች።

አዲስ አበባ ላይ ሲቲውም ኢኮውም ታይቶ ቅርንጫፎቿ ሁለቱም ሳንባ ላይ ጠባብ ናቸው ተባለ፣ የቀኝ ልቧ ግፊት ግን ከግራው ግማሽ በታች ነው ተብሎ ተገመተ። ባሉን አሁን አያስፈልጋትም አሉን። እህቴ አለቀሰች፣ ብሩ ተሰብስቦ ተስፋ አድርጋ ስለመጣች «ለምን አይሠሩላትም» ብላ ነው። ሐኪሟ ቁጭ ብላ ወረቀት ላይ ሥላ አስረዳቻት፣ ቧንቧ ሳለች፣ ጠባብ፣ ሰፋ ያለ፣ 45 የሚል ቁጥር ጻፈች፣ እዚህ እስኪደርስ ልቧ ይችለዋል፣ እኛ ደግሞ በየስድስት ወሩ እንለካለን አለች። ወረቀቱ አሁን ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

የተረፈው ብር በእድሩ ስም ሁለት ሰው የሚፈርምበት ደብተር ውስጥ ነው። ልጅቷ ሦስት ዓመቷን ሞላች፣ ማታ ማታ እንዳትቧጥጥ እማዬ እጇ ላይ ካልሲ ታደርግላታለች፣ ቀን ቀን ግቢ ውስጥ በርጩማ እየገፋች ትዞራለች፣ ሲደክማት ትቀመጥበታለች። ቀጣዩ ኢኮ ኅዳር ላይ ነው፣ እህቴ የቀጠሮ ካርዱ ጀርባ ላይ የምትጠይቀውን ከአሁኑ ጽፋለች፣ «ግፊቱ ስንት ሆነ?»